የፈላ ውሃና አሥራ አንድ ስቴኪኒ

ነገሩ የሆነው በማርች አጋማሽ፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። እኔና ልጄ ቤት ስንደርስ ርቦናል። ሻይ ልጥድ ብዬ ውሃ እያፈላሁ በኩሽናው መስኮት ወደ ጓሮ ሳይ፣ ሣሩ ላይ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል። መጀመሪያ ዝንብ መሰለኝ። በዚህ ብርድ ምን ዝንብ አለ ብዬ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ዝንብ አልነበረም። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ወዲያ ወዲህ የሚሉ ብዙ ነገሮች ናቸው። ከሥራቸው፣ ሣሩ ሳስቶ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ጥግ ላይ፣ መሬቱ ተበሳስቷል። ጉድጓዱ እርሳስ ቢከቱበት ልክክ የሚል ነው። በእያንዳንዱ አፍ ዙሪያ የላመ አፈር ተከምሯል፣ የተነፋ ዱቄት የመሰለ። ፎቶ አነሳሁና ሥራ ላይ ለነበረው ባለቤቴ "ጉድ ፈላ" ብዬ ላክሁለት።

ተርብ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጄን ባለፈው ዓመት ተርብ ነድፎት ዓይኑ አብጦ ሁለት ቀን ከርሟል። ስለዚህ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ያፏጫል። ይዤው ወጣሁና ጉድጓድ በጉድጓድ እየዞርኩ አፈሰስኩ። አልበቃ ሲለኝ ተመልሼ ሌላ አፈላሁ።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ማሚ፣ ምን አደረጉሽ?"

"እስኪያደርጉኝ ልጠብቅ እንዴ?" አልኩት።

ሻዬን እስክጨርስ ድረስ ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወጥቼ አንዷን ከጭቃው ላይ በቅጠል አነሳኋት። ፀጉሯ ረጥቦ ተጣብቋል። በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ደረቷ ላይ ያለው ፀጉር ቀስ እያለ ብድግ ብድግ አለ። ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ወርቅ የሚያደላ ፀጉር ነው። ተርብ እንዲህ ያለ ፀጉር የለውም። ይሄን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም፤ እኔን ያስተማረኝ የማር ገንዘብ ነው።

## የማር ልጅ

ያደግኩት ቡሬ አጠገብ ነው። አባባ ንብ አላቸው፣ ዛሬም አላቸው። በእበትና በጭቃ የተለሰኑት ቀፎዎች ከቤታችን ጀርባ ተደርድረው ነው ያደግነው። ኑግ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሆኖ ከከረመ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ አባባ ማታ ጭስ ይዘው ማር ሊቆርጡ ይወጣሉ። እኛ በር ተዘግቶብን እንጠብቃለን። በማግስቱ ፊታቸው አንድ ሁለት ቦታ አብጦ ይታያል። ስለሱ አያወሩም።

አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ብርዝ ውስጥ ንብ ከገባች አባባ በስንጥር ያወጧትና ፀሐይ ያለበት ድንጋይ ላይ ያስቀምጧታል። ደርቃ እስክትበር ድረስ ብርዛቸውን አይጠጡም። እንግዳ ቢኖርም።

እኔ የኚህ ሰው ልጅ ነኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላሉ አሮጊቶቹ። እሷስ እህል ነው ያፈሰሰችው፤ ጎንበስ ብላ ለቀመች። እኔ ያፈሰስኩት ውሃ ነው፣ ያውም የፈላ።

ቆይቼ ራሴን የጠየቅሁት፣ እንዴት አላወቅኋቸውም? የሚለውን ነው። መልሱ አፌ ላይ ነበር። እኛ ስለ ንብ ስናወራ "ንቡ ወጣ፣ ንቡ ገባ" ነው የምንለው። ሺውን እንደ አንድ ነው የምንቆጥረው። ንብ ማለት ቀፎ ያለው፣ አውራ ያለው፣ ማር ያለው ነው። ብቻዋን የምትኖር ንብ? ለእኔ ይሄ ብቻውን የቆመ አንድ ጣት እንደማለት ነበር።

ለካ በዓለም ላይ ካሉት የንብ ዓይነቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እኔ ያቃጠልኳቸውን እዚህ አሜሪካ ሴሎፌን ንብ ይሏቸዋል፤ የሳይንስ ስማቸው ኮሌተስ ኢንኤኳሊስ ነው። እያንዳንዷ ሴት የራሷን ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ። ጎረቤት ትወዳለች፣ ለዚህ ነው መሬቱ ወንፊት የሚመስለው። ማኅበር ግን የላትም። ታች ስትደርስ ጓዳ ታበጃለች። ከሰውነቷ የሚወጣ ፈሳሽ አላት፣ እሱን በምላሷ ግድግዳው ላይ ትቀባዋለች። ሲደርቅ ልክ እንደ ስስ ፌስታል ይሆናል፤ ውሃ አያስገባም፣ አያስወጣም። ከዚያ የአበባ ዱቄትና የአበባ ወለላ አደባልቃ ቀጠን ያለ አጥሚት የመሰለ ነገር ታስቀምጣለች። እንቁላሏን አጥሚቱ ውስጥ አትጥልም፣ ትሰምጣለቻ። ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ትለጥፋታለች። ዘግታ ትወጣለች። ጸደዩ ሳያልቅ እሷ ትሞታለች። ልጇ እዚያው መሬት ውስጥ አድጋ፣ ከርማ፣ በዓመቱ ቆፍራ ትወጣለች። እናትና ልጅ አይተያዩም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እሁድ ዕለት ሣሩ ላይ ሲርመሰመሱ ያስፈሩኝ ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ እስኪወጡ ይጠብቃሉ። ወንድ ንብ ደግሞ መንደፊያ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ጽሑፍ ሊወጣው ይችል ነበር። ስደተኛዋ እኔ፣ ብቸኛዋ ንብ፣ ባዕድ መሬት ላይ መቆፈር፣ ምናምን። ጀምሬው ነበር እንዲያውም። ችግሩ እውነቱ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እኛ ባለንበት በሜሪላንድ ግዛት ብቻ ከ400 በላይ የንብ ዓይነት አለ። ማር የምትሞላልን ንብ ግን የዚህ አገር ልጅ አይደለችም፤ በ1622 ከእንግሊዝ በመርከብ ቨርጂኒያ የገባች ናት። ሴሎፌን ንቧ ቀድማ እዚህ ነበረች። ባለአገሯ እሷ ናት። ትናንት የመጣሁትና ማንቆርቆሪያ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ።

## "ታዲያ ማን ያዛቸዋል?"

አባባ ዘንድ የደወልኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ እንደ ዘበት ጣል አደረግሁት።

"አባባ፣ እዚህ መሬት ውስጥ የሚኖር ንብ አለ።"

"ጣዝማ ነዋ!" አሉ፣ ድምፃቸው ሞቅ ብሎ።

አፈርኩ። ጣዝማን እንኳ አላስታወስኩም ነበር። ልጅ ሆኜ ሲያስለኝ በማንኪያ ጫፍ የሚሰጠኝ የጣዝማ ማር ከመሬት ተቆፍሮ እንደሚወጣ አውቃለሁ። መሬት ውስጥ ንብ እንደሚኖር እያወቅሁ ነው ውሃ የጣድኩት ማለት ነው።

"ጣዝማ እንኳ አይደለም። ይሄ ማር የለውም።"

"አውራውስ?"

"አውራም የለው። ሁሏም የራሷን ጉድጓድ ቆፍራ ለብቻዋ ነው።"

"ታዲያ ማን ያዛቸዋል?"

"ማንም።"

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ልል ስል፣ "ሁሉም ጎጆ ወጪ ናቸዋ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ያኔ ነገርኳቸው። ተርብ መስሎኝ ውሃ አፈሰስኩባቸው አልኩ።

"የምን ውሃ?"

"የፈላ።"

አባባ አልተቆጡኝም። ብርዱ እንዴት ነው አሉኝ። ልጁ በትምህርቱ እንዴት ነው አሉኝ። ስለ ንቡ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ተሰነባበትን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

## ጓሮ ማየት

ዓመቱን ሙሉ ያ ዝምታ ጆሮዬ ላይ ነበር። የሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ማለቂያ ላይ ጓሮ መውጣት ጀመርኩ። እንጂማ እኔ ጓሮ የምወጣው ቆሻሻ ልጥል ነበር። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በነገራችን ላይ "ስፕሪንግ" በእንግሊዝኛ ጸደይም ምንጭም ቢሆን፣ የዚህኛው ስም "የብር ምንጭ" ማለት ነው እንጂ ከጸደይ ጋር አይገናኝም። ለእኔ ጸደይ መስከረም ነው፣ አደይ አበባ ነው፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈነዳው። የዚህኛው ጸደይ ካልፈለጉት አይታይም። ዛፉ ራቁቱን ነው። ሣሩ የሞተ ነው የሚመስለው።

ግን ድንጋይ ገልበጥ ሲያደርጉት ሌላ ነው። ከሥሩ ጉንዳኖች ገና እንቅልፍ እንዳልለቀቃቸው ሰዎች ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ሲነኳት እንደ ኳስ የምትጠቀለል ግራጫ ነገር አለች፣ ልጄ በኪሱ ይዟት ገብቶ ሶፋው ላይ አግኝተናታል። የረገፈ ቅጠል ሥር አባ ጨጓሬ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ጫፍና ጫፉ ጥቁር፣ ወገቡ ቡናማ። አባ ጨጓሬ ያሳክካል ተብሎ ላደገ ሰው በእጅ መንካት ከባድ ነው። በቅጠሉ እንደያዝኩት መለስኩት። ይሄ ፍጡር ክረምቱን ሰውነቱ በረዶ ሆኖ አሳልፎ፣ ሲሞቅ ተነስቶ መብላት ይቀጥላል። እኔ ደግሞ ያንን ቅጠል በየዓመቱ ጠራርጌ፣ በትልልቅ ወረቀት ከረጢት አጭቄ በር ላይ አወጣ ነበር። ደጅ ካልተጠረገ ሰው ምን ይለናል በሚል።

ሸረሪት በቀን አላገኘሁም ነበር። አንድ ሞቅ ያለ ማታ የስልኬን መብራት ከዓይኔ ጎን፣ ጆሮዬ አጠገብ ይዤ ሣሩን አየሁ። እንዲህ መያዙ ነው ዘዴው፤ ወደ ታች ይዘው ቢያበሩ ምንም አይታይም። ሣሩ ላይ ጤዛ ወርዷል ብዬ አሰብኩ፤ ትንንሽ አረንጓዴ ብልጭታ በየቦታው። አንዷን ብልጭታ ሳልለቅ ተጠጋሁ። ጎንበስ አልኩ። ጤዛው ሁለት እርምጃ ተራመደ።

ሸረሪት ናት። ተኩላ ሸረሪት ይሏታል። የሚያበራው ዓይኗ ነው፣ መኪና መብራት ላይ የድመት ዓይን እንደሚያበራው። ቀና ብዬ ጓሮውን በሙሉ አበራሁበት። ሃያ? ሠላሳ? ሁሉም ወደኔ ያያሉ። በዚህ ሣር ላይ ነው እኔ ባዶ ነው እያልኩ ስመላለስበት የኖርኩት። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን፤ እነዚህ ግን ድርም አያደሩም፣ አያብሩምም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ሮጣ ነው የምታድነው። ይሄ ጓሮ ተረታችንን አንድ በአንድ ሊያፈርስብኝ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ፣ በጨለማ ብቻዬን።

## ስቴኪኒ

ማርች አጋማሽ ደረሰ። ጥጉ ላይ ምንም የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ጎረቤት ግቢ ያለው ቀይ ሜፕል የሚባለው ዛፍ አብቦ ወደ መርገፉ ነው። ንቦቹ በሱ አበባ ጊዜ ነው የሚወጡት። ጨርሻቸዋለሁ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በስድስተኛው ቀን አንድ የአፈር ቁልል አየሁ። ኩሽና ገብቼ ስቴኪኒ አመጣሁና አጠገቡ ተከልኩ። እስከ ማግስቱ አሥራ አንድ ስቴኪኒ ተከልኩ። ባለቤቴ በመስኮት አይቶ፣ "ሰው ቢያይሽ ጥንቆላ ነው የሚለው" አለኝ። የዚያን ዓመቷ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለች፣ "ጉድ ፈላ" ያልኩባት። በጣቴ ከፈት አድርጌ ቆጠርኩ። ፎቶዋ ውስጥ የገቡት ብቻ ሠላሳ አራት ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ጋቢ አነጠፍኩና በሆዴ ተኛሁ። ፊቴ ከአንዱ ጉድጓድ ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው። ብርድ ነው። የመሬቱ ቅዝቃዜ በጋቢው አልፎ ሆዴ ይገባል። ጥላው እየሸሸ፣ ፀሐይዋ ቀስ እያለች ወደኛ ትመጣለች። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ስለ ልብስ አጠባ አሰብኩ። ስልኬን ሁለቴ አየሁ። ከዚያ አንገቴን አመመኝና ጉንጬን መሬት ላይ ጣልኩ።

ፀሐይዋ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ውስጡ ያለው ጨለማ ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ ሁለት ቀንዶች። አየሩን ነካ፣ ነካ አደረጉት። ቀጥሎ ፊት። ፊቱ ላይ ነጣ ያለ ፀጉር አለው፣ ልክ ሪዙን እንዳሳደገ ሽማግሌ። ወንድ ነው። ዓይኖቹ ጥቁር፣ ረዘም ያሉ፣ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ። ትንፋሼ ሳይደርሰው አልቀረም፣ ሽምጥጥ ብሎ ገባ። ትንፋሼን ያዝኩ። ደግሞ ወጣ። ቀንዱን በፊት እግሩ ሳብ አድርጎ ጠረገው፣ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ ፊቱን እንደሚያብሰው። ወጥቶ ጠርዙ ላይ ቆመና ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆመ። በሙሉ ፀጉሩ ውስጥ ብርሃን ገባበት። በዚያ ደቂቃ ውስጥ እኔ ማንቆርቆሪያውን አሰብኩ። ባለፈው ዓመት እንዲህ የሚሞቁት ላይ ነው፣ ከላይ ቆሜ። ከቆሙበት ሲያዩት ጉድጓድ ብቻ ነው። ፊት መኖሩ አይታይም።

ከዚያ በረረ። ልቤ እንዲህ የመታው መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ረፋዱ ላይ አንድ ሴት እግሮቿን ገርጣ ባለ ቢጫ ዱቄት ለውሳ መጣች። ከላይ ሁለቴ ዞረች። ስቴኪኒው ግራ ሳያጋባት አልቀረም፣ ቤቷ ፊት ለፊት ምሰሶ ተተክሎ ስታገኘው። ነቀልኩላት። ገባች።

እሷን እያየሁ ሳለ ሌላ እንግዳ መጣ። ፀጉራም፣ ቡናማ፣ ከፊቱ እንደ መርፌ የረዘመ አፍ ያለው። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጉድጓዱ አናት ላይ ይንሳፈፋል። ንብ ይመስላል እንጂ ዝንብ ነው፤ የንብ ዝንብ ይሉታል። ዝቅ እያለች ጅራቷን ወዝወዝ ታደርጋለች፣ እጇን እንደምታራግፍ ሴት። የምታራግፈው እንቁላል ነው። እንቁላሏ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባላት፣ ከእሱ የሚወጣው እጭ የንቧን ልጅ በልቶ ያድጋል።

እጄ ብድግ አለ። እውነቴን ነው፣ አላዘዝኩትም። አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፣ አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ? አየር ላይ እንደተሰቀለ አየሁት እጄን። ባለፈው ዓመትም በደንብ የማላውቀውን ነገር ነው ለመጨረስ የተነሳሁት። አሁን ደግሞ ለማን ልወግን ነው? እሷም ብትሆን ይህን ስትሠራ የኖረችው እኔ ይሄን ቤት ሳልገዛ ነው። ለሷም ማርች ናት፣ ለሷም ልጅ ነው።

አልመታኋትም። እፍ አልኩባት ግን። አልዋሽም። ገለል አለችና ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ እዚያው ቆመች። ሁለተኛ እፍ አላልኩም።

ጋቢው ላይ እንደተኛሁ አባባ ዘንድ በቪዲዮ ደወልኩ። ስልኩን የያዘላቸው የእህቴ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ግንባራቸው ብቻ ታየኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ፊታቸው።

"ምን ሆነሽ ነው የተኛሽው? አመመሽ?"

"ንቡን እያየሁ ነው አባባ። ያ ጎጆ ወጪው።"

"አለ እንዴ?"

"አለ። አሥራ አንድ።"

አሥራ አንድ ቀፎ የመሰላቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። "እስቲ አሳዪኝ" አሉ። ካሜራውን ገልብጬ ስልኩን መሬት ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ አጠገብ አጋደምኩት። ሰዓቱ እዚህ ከጠዋቱ አራት ተኩል ገደማ፣ እዚያ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ጉድጓዱ ዝም አለ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ካርድ ይቆጥራል፣ ይቅርብዎ ሌላ ጊዜ አሳይዎታለሁ አልኩ።

"ተይው ይቆይ" አሉ። "የኔዎቹም አሁን እየገቡ ነው፤ እነሱን እያየሁ እጠብቃለሁ።"

በስልኩ ውስጥ፣ ከድምፃቸው ጀርባ፣ የቀፎው ጉምጉምታ ይሰማኛል።